የላምፒ ስኪን ቫይረስ እንዴት ተዳቀለ? ከክትባት ብልቃጥ እስከ እስያ መንጋ

እ.ኤ.አ. በ2017 ከሩሲያ ሳራቶቭ ክልል የመጣ የከብት ቆዳ ናሙና መርማሪዎችን ግራ አጋባ። በሽታው የከብት ቆዳ ላይ እባጭ የሚያወጣው ላምፒ ስኪን መሆኑ አላከራከረም። ችግሩ የመጣው የትኛው ዝርያ ነው ሲባል ነው። የቫይረሱን ዘረመል በአንድ ሥፍራ ሲያነቡት የክትባት ቫይረስ ይመስላል፤ ትንሽ ራቅ ብለው ሲያነቡት ደግሞ መስክ ላይ የሚዞረውን ይመስላል። ሩሲያ በዚያን ጊዜ ከብቶቿን ትከትብ የነበረው በበግ ፈንጣጣ ክትባት እንጂ ከላምፒ ስኪን ቫይረስ በተሠራ ሕያው ክትባት (ተዳክሞ ግን በሕይወት ባለ ቫይረስ) አልነበረም። ከሳራቶቭ ድንበር ማዶ ያለችው ካዛክስታን ግን እንዲህ ባለው ክትባት ዘመቻ ጀምራ ነበር።

ናሙናው ውስጥ የተገኘው የክትባትም የመስክም ሳይሆን የሁለቱንም መልክ የያዘ ድቅል ቫይረስ ነበር። በ2019 ቻይና የገባው ዝርያም ድቅል መሆኑ ተረጋገጠ፤ ከዚያ በቬትናም፣ በታይላንድና በሌሎች የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ተሰራጨ። ይህ ጽሑፍ ሁለት ቫይረሶች እንዴት እንደሚዳቀሉ፣ ይህኛው ድቅል የት እንደተወለደ፣ ነገሩ ለከታቢና ለላቦራቶሪ ባለሙያ ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቫይረሱ ቤተሰብ

የላምፒ ስኪን ቫይረስ የፈንጣጣ ቫይረሶች ወገን ነው። የቅርብ ዘመዶቹ የበግ ፈንጣጣና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረሶች ናቸው፤ ሦስቱ በአንድነት ካፕሪፖክስ ይባላሉ። ሰውን አይዙም። ዘረመሉ ወደ 151,000 ጥንድ ፊደላት የያዘ አንድ ረጅም የዲኤንኤ ክር ሲሆን፣ 156 ያህል ጂኖች ተጽፈውበታል። የሦስቱ ዘመዳሞች ጽሑፍ 96 በመቶ ገደማ አንድ ነው። የራሱ የላምፒ ስኪን ዝርያዎች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ደግሞ ተመሳሳይነቱ ከ99 በመቶ ያልፋል። ይህ መቀራረብ መዳቀልን ቀላል፣ ድቅልን ለይቶ ማወቅን ግን አስቸጋሪ ያደርጋል።

በሽታው መጀመሪያ የተመዘገበው በ1929 በዛምቢያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1983 ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ ታየ። ምልክቱን አርቢው ያውቀዋል፦ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የወተት በአንዴ መቀነስ፣ ያበጡ ንፍፊቶች፣ ከዚያም ከቆዳው ሥር እስከ ጡንቻ የሚደርስ ጠጣር እባጭ። ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው በዋናነት የሚያሸጋግሩት ደም የሚመጥጡ ዝንቦች፣ ትንኞችና መዥገሮች ናቸው። ቫይረሱ በዝንቡ አካል ውስጥ መራባት አያስፈልገውም፤ ዝንቡ አፉ ላይ እንደያዘው ወደ ሌላ ከብት ይወስደዋል። የሚሞቱት ከታመሙት ጥቂቶቹ ቢሆኑም ከሞት የተረፈውም ወተቱ ይጎድላል፣ ቆዳው ይበሳሳል፣ ላሟ ታስወርዳለች፣ ኮርማው ለወራት ማስረገዝ ሊሳነው ይችላል።

ስህተት፣ መቀያየር፣ መዳቀል

ቫይረስ የሚለወጥባቸው ሦስት መንገዶች ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ስለሚጠሩ እዚህ እንለያያቸው።

አንደኛው ሚውቴሽን ነው። ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ «ሀ»ን «ሐ» ብሎ እንደሚስተው፣ ቫይረሱም ራሱን ሲገለብጥ አንድ ፊደል ይስታል። የፈንጣጣ ቫይረሶች በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ናቸው፤ የሚገለብጠው ኢንዛይም የጻፈውን ተመልሶ ያርማል። ስለዚህ በሚውቴሽን ብቻ የሚለወጡት በዝግታ ነው።

ሁለተኛው መቀያየር ነው። ይህ የሚሆነው ዘረመላቸው በተለያዩ ቁርጥራጮች በተከፋፈለ ቫይረሶች ላይ ብቻ ነው። የበግ ብሉታንግ ቫይረስ 10 ቁርጥራጮች አሉት። ሁለት የብሉታንግ ዝርያዎች አንድ ሕዋስ ውስጥ ቢገናኙ፣ ከዚያ የሚወጣው ቫይረስ እያንዳንዱን ቁርጥራጭ ከአንዱ ወይም ከሌላው ሊወስድ ስለሚችል በስሌት 1,024 ዓይነት ጥንቅር ይኖራል። አሥር ጥራዝ ያለው መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ተደባልቆ እንደገና እንደ መደርደር ነው፤ ጥራዞቹ ይቀያየራሉ፣ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ያለው ገጽ ግን አይነካም።

ሦስተኛው የዛሬው ጉዳያችን፣ መዳቀል ነው። እዚህ አንዱ ክር ራሱ መሀሉ ላይ ይቆረጥና ከሌላው ክር ጋር ይቀጠላል። እንደ አፍና እግር በሽታ ባሉ የአርኤንኤ ቫይረሶች ላይ ነገሩ የሚሆነው በግልበጣ መሀል ነው፦ ሁለት ቅጂ ፊቱ ዘርግቶ የሚጽፍ ሰው ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመሳሳይ መስመር ዘሎ እንደሚቀጥል ሁሉ፣ ገልባጩ ኢንዛይም ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ይሻገራል። የፈንጣጣ ቫይረሶች መንገድ ከዚህ ይለያል።

ሕዋሱ ውስጥ ምን ይሆናል

አብዛኞቹ የዲኤንኤ ቫይረሶች የሚራቡት በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ነው። የፈንጣጣ ቫይረስ ግን አስኳሉን ትቶ በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ውስጥ የራሱን ማምረቻ ይተክላል፤ ባለሙያዎች «የቫይረስ ፋብሪካ» ይሉታል። ሕዋሱ ውስጥ የገባ እያንዳንዱ ቫይረስ በአብዛኛው የራሱን ፋብሪካ ይመሠርታል። ሁለት ዝርያዎች አንድ ሕዋስ ውስጥ ገቡ ማለት ስለዚህ ወዲያው ተቀላቀሉ ማለት አይደለም። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ግቢ በየቤታቸው እንደሚኖሩት ናቸው። ዲኤንኤያቸው የሚነካካው ፋብሪካዎቹ እያደጉ ሄደው ሲገጣጠሙና ሲዋሐዱ ነው።

ከተዋሐዱ በኋላ ሥራውን የሚሠራው ያው ገልባጩ ኢንዛይም ነው። ቅድም የጻፈውን ተመልሶ ያርማል ያልነው፣ ፊደል ከጫፍ የመብላት ችሎታ ስላለው ነው። ይህንኑ ችሎታ በተሰበረ ክር ላይ ሲጠቀምበት፣ ከድርቡ ክር አንዱን ጎን ከጫፉ እየበላ ሌላውን ጎን ራቁቱን ያስቀረዋል። ራቁቱን የቀረው ጫፍ ከእሱ ጋር የሚገጥም ጽሑፍ ያለው ሌላ ራቁት ጫፍ ካገኘ ይጣበቃል፤ ክፍተቱ ይሞላል፤ ስፌቱ ይዘጋል። ለመጣበቅ ደርዘን ያህል ተከታታይ ፊደላት መግጠማቸው ሊበቃ ይችላል። ከ99 በመቶ በላይ አንድ የሆኑ ሁለት ዝርያዎች ደግሞ በክሩ ርዝመት ሁሉ የሚገጥም ሥፍራ ሞልቷቸዋል። የተቀደደ ብራና ከሌላ ቅጂ በተወሰደ ቁራጭ ሲጠገን፣ ጠጋኙ ሁለቱም ላይ ያለውን አንድ ዓይነት ቃል ፈልጎ እንደሚያገጣጥመው ያለ ነው። ልዩነቱ ጠጋኙ ጽሑፉን አያነብም፤ ያጣበቀው ትርጉም ይስጥ አይስጥ አያውቅም። ስለዚህ ከሚወለዱት ድቅሎች ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው የማይሻሉ ወይም የባሱ ይሆናሉ። ከብዙ ሺህ አንዱ ግን የአንዱን ወላጅ ፍጥነት ከሌላው ጉልበት ጋር ይዞ ሊወጣ ይችላል።

የፈንጣጣ ቫይረሶች መዳቀል አዲስ ግኝት አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ታይቷል። የካፕሪፖክስ ዝርያዎች በመስክ እንደሚዳቀሉ የሚጠቁም ማስረጃም በ1989 ታትሟል። አዲሱ ነገር ድቅሉ ከክትባት መወለዱና አህጉር ማቋረጡ ነው።

አንድ ሕዋስ ላይ ለመገናኘት

መዳቀል ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ሁለቱ ዝርያዎች አንድ ከብት ላይ፣ አንድ ሥፍራ ላይ፣ አንድ ሕዋስ ውስጥ፣ በተቀራረበ ሰዓት መገኘት አለባቸው። አንድ ሺህ ከብት ባለበት መንደር ሁለቱም ዝርያዎች ቢዞሩ እንኳ ይህ ሁሉ አንድ ላይ መግጠሙ ቀላል አይደለም። አንዱ ዝርያ ቀድሞ ከያዘና ከብቱ ከዳነ፣ ሁለተኛው ሲመጣ ሰውነቱ አያስገባውም። ዕድሉ የሚሰፋው አንድ ከብት በተከተበ በቀናት ውስጥ የመስክ ቫይረስ ሲያገኘው፣ ወይም የመከላከል አቅም ገና ሳይገነባ ሁለት ዓይነት ሕያው ክትባት ሲሰጠው ነው።

ብርጭቆ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ክትባት የሚመረተው በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ላይ በተዘረጋ የሕዋስ ምንጣፍ ላይ ቫይረስ በማራባት ነው። የሚጨመረው ቫይረስ ቁጥር ከሕዋሱ ቁጥር አንድ አሥረኛ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ዙር ከተያዙት ሕዋሶች ሁለትና ከዚያ በላይ ቫይረስ የሚገባባቸው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ቫይረሱ ከሕዋሱ ሦስት እጥፍ ከሆነ ግን ከሁሉም ሕዋሶች 80 በመቶ ያህሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ይገባባቸዋል። በትንሽ ቢጀመርም ቫይረሱ በቀናት ውስጥ ሲባዛ ምንጣፉ በሙሉ እዚያው ደረጃ ላይ ይደርሳል። እንግዲህ መነሻው ውስጥ ሁለት ዝርያ ተደባልቆ ከገባ፣ በእያንዳንዱ ዙር ሚሊዮን ጊዜ ይገናኛል ማለት ነው። የበሽታ መከላከያ የለ፣ ርቀት የለ፣ ዝንብ መጠበቅ የለ። ምርቱ ተወስዶ ለሚቀጥለው ዙር ዘር ሲሆን ደግሞ ድቅሉ እንደገና ይዳቀላል።

ብልቃጡ ሲከፈት

በዓለም ላይ ለላምፒ ስኪን ብዙ ጥቅም ላይ የዋለው ክትባት ኒትሊንግ ከሚባለው የደቡብ አፍሪካ ዝርያ የተሠራ ነው። ቫይረሱን ለማዳከም በበግ ግልገል ኩላሊት ሕዋስ ላይ 60 ጊዜ፣ ከዚያም ጫጩት በያዘ እንቁላል ውስጥ 20 ጊዜ አሳልፈውታል። በዚህ ጉዞ የተጎዱት ጂኖች ናቸው በሽታ እንዳያመጣ ያደረጉት።

ሌላው ክትባት ኬንያ ውስጥ ከበግና ፍየል ከተወሰደ ቫይረስ የተሠራው ነው፤ ኦ-240 እና ኦ-180 የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ለብዙ ዓመታት የበግና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረስ ተደርገው ሲታዩ ኖረው፣ ዘረመላቸው ሲነበብ የላምፒ ስኪን ቫይረስ ሆነው ተገኙ። ከበግ የተገኘ ሁሉ የበግ ቫይረስ አይደለም፤ ይህ ስህተት ረጅም ዘመን ኖሯል፣ በቂ ሳይዳከም ለከብት ይሰጥ እንደነበር የታወቀውም ከዚህ በኋላ ነው።

ካዛክስታን የተጠቀመችው ላምፒቫክስ የተባለውን ኬንያ ውስጥ የተመረተ ክትባት ነበር። መለያው ላይ የተጻፈው ንጹሕ ኒትሊንግ ነው። በ2022 ይፋ በሆነ ጥናት ክትባቱ ተወስዶ ሙሉ ዘረመሉ ሲነበብ ግን ውስጡ ድብልቅ ተገኘ፦ ኒትሊንግን የሚመስል የክትባት ቫይረስ፣ የኬንያውን የበግና ፍየል ክትባት የሚመስል የላምፒ ስኪን ቫይረስ፣ ሱዳን ከተገኘው ጋር የሚቀራረብ የፍየል ፈንጣጣ ቫይረስ፣ በዚህ ላይ ደግሞ በርከት ያሉ ድቅሎች። ድቅሎቹ ሩሲያ፣ ካዛክስታንና ቻይና ውስጥ ከታመሙ ከብቶች ከተገኙት ጋር አንድ ወይም አንድ ለማለት ጥቂት የቀራቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ድቅሎቹ በተለያዩ ቡድኖች ይከፈላሉ፤ በእያንዳንዳቸው ክር ላይ የተቆጠረው የልውውጥ ብዛት ከመቶ በላይ ነው። አንድ ከብት ላይ ሁለት ቫይረስ አንድ ጊዜ ተገናኝቶ ቢዳቀል ከዚህ እጅግ ያነሰ ስፌት ነው የሚጠበቀው። ከመቶ በላይ ስፌት የሚያመለክተው ተደጋጋሚ መገናኘትን፣ ማለትም የተደባለቀ ዘር ዙር በዙር በሕዋስ ምንጣፍ ላይ መራባቱን ነው። ድቅሉ ዱር ውስጥ ተወልዶ ነው ብልቃጥ የገባው ወይስ ብልቃጥ ውስጥ ተወልዶ ነው የወጣው ለሚለው ክርክር፣ በእኛ ግምት ከብልቃጡ ውስጥ መገኘቱ አንድ ማስረጃ ነው፤ የስፌቱ ብዛት ደግሞ ከእሱ የማይተናነስ ሁለተኛ ማስረጃ ነው።

በነገራችን ላይ ስፌቱ በትክክል የት ላይ እንደሆነ መናገር አይቻልም። ሁለቱ ወላጆች የሚለያዩት በየመቶው ፊደል በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ስለሆነ፣ ማለት የሚቻለው «ከዚህ ምልክት በፊት የኒትሊንግ ነበር፣ ከዚያኛው ምልክት በኋላ የሌላው ሆኗል» ብቻ ነው።

እስያ ውስጥ ያለው ላምፒ ስኪን ሁሉ ግን ድቅል አይደለም። በ2019 ባንግላዴሽና ሕንድ የገባው ዝርያ ከአፍሪካ የመስክ ዝርያዎች ጋር የሚቀራረብ ነበር። ወረርሽኝ በበረታ ቁጥር «ከክትባት የመጣ ነው» የሚለው ወሬ ዘረመሉ ሳይነበብ የሚነገር ነው።

ክትባቱ ላይ የሚፈረደው ፍርድ

ይህን የሰማ አርቢ ክትባት ይቅርብኝ ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ትልቅ ስህተት ይሆናል። በ2015 ግሪክ የገባው ላምፒ ስኪን በሚቀጥለው ዓመት ቡልጋሪያን፣ ሰሜን መቄዶንያን፣ ሰርቢያን፣ አልባንያን አዳረሰ። አገሮቹ በጅምላ የከተቡት በዚሁ ሕያው የኒትሊንግ ክትባት ነው። በ2016 በአካባቢው የተመዘገበው 7,483 ወረርሽኝ በ2017 ወደ 385 ወረደ። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት ሕያው ቫይረስ ተወግቶ፣ የመስክ ቫይረስም እዚያው እየዞረ፣ እስያ ውስጥ የታየው ዓይነት ድቅል ከዚያ አልወጣም። የባልካኑን ዘመቻ ከካዛክስታኑ የሚለየው የክትባቱ ንጽሕና ነው።

በዶሮ በኩል ሌላ ዓይነት ታሪክ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ለዶሮ የመተንፈሻ ቧንቧ በሽታ ከአገር ውስጥ ከተሠሩት ሁለት ሕያው ክትባቶች በተጨማሪ ሦስተኛ ክትባት ከአውሮፓ ገባ። ከዚያ በኋላ ዶሮ የሚገድሉ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች ተነሡ፤ በ2012 የታተመው ጥናት ከእነዚሁ ክትባቶች መዳቀል እንደተወለዱ አሳየ። እዚያ እያንዳንዱ ክትባት ንጹሕ ነበር። ጥፋቱ በአንድ አካባቢ የተለያየ መነሻ ያላቸውን ሕያው ክትባቶች ጎን ለጎን መጠቀም ነበር። ስለዚህ ንጽሕና ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ላቦራቶሪው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

አንድ ከብት ከተከተበ በኋላ እባጭ ካወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የክትባቱ ነው ወይስ የበሽታው?» የሚል ነው። ይህን ለመለየት የተዘጋጁት የፒሲአር ምርመራዎች (የተመረጠን የዲኤንኤ ቁራጭ ዙር በዙር እያባዙ የሚያዩት) የሚያነቡት ከ151,000 ፊደል ውስጥ አንድ አጭር ሥፍራ ነው። ብዙ ጊዜ ወይ ጂፒሲአር የሚባለውን ጂን፣ ወይ 126ኛውን ጂን። ኒትሊንግ 126ኛው ጂን ላይ ከመስኩ ዝርያ 27 ፊደል ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ቀላል መለያ ሆኖ ቆይቷል።

ድቅል ሲመጣ ግን ይህ መለያ ይወድቃል። 126ኛው ጂን ከኒትሊንግ ወገን ተሰፍቶ ከሆነ መልሱ «ክትባት ነው፣ አትጨነቁ» ይሆናል፣ ከብቱ ግን ተላላፊ በሽታ ይዞ ይዞራል። ከመስኩ ወገን ተሰፍቶ ከሆነ ደግሞ «የተለመደው የመስክ ዝርያ ነው» ተብሎ ይታለፋል። መፍትሔው ተራርቀው ያሉ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሥፍራዎችን ማንበብ ነው፦ ከክሩ ግራ ጫፍ፣ ከመሀል፣ ከቀኝ ጫፍ። መልሶቹ እርስ በርስ ከተጣሉ ናሙናው ወደ ሙሉ ዘረመል ንባብ ይላካል።

እዚህም ወጥመድ አለ። መልስ ሲጣላ ሁልጊዜ ድቅል ነው ማለት አይደለም። ከብቱ ከአሥር ቀን በፊት ተከትቦ፣ በመሀሉ የመስክ ቫይረስ ይዞት ከሆነ ናሙናው ውስጥ ሁለት ጤነኛ ዝርያዎች ጎን ለጎን አሉ። አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን በኮምፒውተር የሚገጣጥመው ፕሮግራም ከሁለቱ እያነሣ አንድ የሐሰት ድቅል ሊሰፋ ይችላል። ፒሲአሩም ራሱ ዙሩ ሲበዛ በግማሽ የቀሩ ቅጂዎችን አጣብቆ ድቅል ይፈጥራል። ከዚህ ለመዳን ቫይረሱን ሕዋስ ላይ አራብቶ ከአንድ ቫይረስ የተነሣውን ጉድፍ ብቻ ለቅሞ ማንበብ፣ ወይም ስፌቱን ከነግራ ቀኙ በአንድ ትንፋሽ የሚያነብ ረጅም ንባብ መጠቀም ያስፈልጋል። በአንዱ ሥፍራ ላይ ግማሹ ንባብ አንድ ፊደል፣ ግማሹ ሌላ ፊደል ካሳየ ድብልቅ ነው፤ ንባቡ ሁሉ ተስማምቶ ከአንዱ ወላጅ ወደ ሌላው ከተሻገረ ድቅል ነው።

ለናሙና ከደም ይልቅ እባጩ ራሱ ወይም ቅርፊቱ ይመረጣል፤ ቫይረሱ የሚበዛው እዚያ ነው፣ በደረቀ ቅርፊት ውስጥም ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ከናሙናው ጋር ከብቱ መቼ፣ በምን ክትባት፣ በየትኛው የባች (በአንድ ጊዜ የተመረተ ክትባት) ቁጥር እንደተከተበ ካልተጻፈ ግን ከላይ የተባለው ንባብ ሁሉ በግምት የሚተረጎም ይሆናል።

ድቅሉ ባሕርይው ምን ይመስላል? የሳራቶቩ ዝርያ በሙከራ ከብቶችን በደንብ አሳምሟል፤ ዝንብና ትንኝ በሌለበት ጋጣም ከታመመ ወደ ጤነኛ ተሻግሯል። ቅዝቃዜ ዝንቡን በሚገድልበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም ድቅሎች ግን አንድ አይደሉም።

ወደ ቤት ስንመለስ

ኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለከብትም ለበግና ፍየልም ሲሰጥ የኖረው ክትባት ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ከኦ-180 ዝርያ የሚመረተው ነው። በ2015 ይፋ በሆነ፣ እዚሁ አገር በተካሄደ ሙከራ፣ ከፍየል ፈንጣጣ የተሠራው ጎርጋን የተባለ ክትባት ከብቶችን ሲከላከል፣ የተሞከሩት የኦ-180 እና የኒትሊንግ ክትባቶች በቂ መከላከል አላሳዩም። ኒትሊንግ በባልካን የሠራውን ካስታወስን፣ ከዝርያው ስም ይልቅ ብልቃጡ ውስጥ በሕይወት ያለው ነገርና መጠኑ ወሳኝ መሆኑን እንረዳለን። ሙሉ በሙሉ የማይከላከል ክትባት ደግሞ ለመዳቀል የሚመች ሁኔታ ይፈጥራል፤ የተከተበው ከብት የመስኩን ቫይረስ ተቀብሎ ያስተናግዳል።

ቢሾፍቱ ላይ ሌላም ተቋም አለ፦ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ። ሥራው ከአምራቹ ነፃ ሆኖ የአህጉሩን ክትባቶች መፈተሽ ነው። እንዲህ ያለ ፍተሻ ለካፕሪፖክስ ክትባት ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት። በብልቃጡ ውስጥ ያለው በመለያው የተጻፈው ዝርያ ነው ወይ? ሌላ ካፕሪፖክስ፣ ሌላ ቫይረስ፣ ባክቴሪያ ወይም ማይኮፕላዝማ የለበትም ወይ? ሕያው ቫይረሱ ይበቃል ወይ? ለኒትሊንግ የሚመከረው ለአንድ ከብት 3,200 ገደማ ሕዋስ ማጥቃት የሚችል መጠን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በአንድ ፒሲአር አይመለስም፤ የላምፒቫክሱ ድብልቅ ያስተማረው ይህንን ነው። የላምፒ ስኪን፣ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ክትባቶችን በአንድ ቤት የሚያመርት ተቋም እያንዳንዱን በተለያየ ክፍልና ዕቃ መያዝ፣ ከታወቀ ከተፈተሸ የዘር ክምችት ብቻ መነሣት፣ ከተወሰነ ዙር በላይ አለማሳለፍ ይጠበቅበታል። ያለፈውን ባች ለቀጣዩ ዘር ማድረግ ርካሽ መንገድ ነው፤ ድብልቅን የሚያሳድገውም እሱ ነው።

ለከታቢው ነገሩ ከዚህ ይቀላል። በአንድ ወረዳ በአንድ ዘመቻ አንድ ዓይነት ክትባት ብቻ ይሰጥ፤ ኦ-180 በተሰጠ በሳምንቱ ሌላ ሕያው የካፕሪፖክስ ክትባት አይደገም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይጠበቅ፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከፀሐይ ተከልሎ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለቅ፣ የተረፈው ይወገድ እንጂ ለነገ አይቀመጥ። የታመመ ወይም ትኩሳት ያለው ከብት አይከተብ። በሽታው በገባበት መንጋ ውስጥ መርፌ በየከብቱ ይቀየር፦ ምልክት ያላወጣ ነገር ግን ቫይረስ የያዘ ከብት የተወጋበት መርፌ፣ ለሚቀጥለው ከብት ክትባቱንና የመስኩን ቫይረስ አንድ ቦታ ላይ አንድ ላይ ያስገባለታል። ሁለት ዝርያ ለማገናኘት ከዚህ የተሻለ መንገድ ሆን ብሎ እንኳ ማሰብ ይከብዳል።

የተከተበ ከብት ሙሉ መከላከያ እስኪያገኝ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ለ28 ቀን ወደ ሌላ አካባቢ ባይነዳ፣ ገበያ ባይወጣ ይመረጣል። ከኒትሊንግ በኋላ ጥቂት ከብቶች ላይ ትንንሽ እባጭ ይወጣል፣ ወተትም ለጊዜው ይቀንሳል፤ እነዚህ እባጮች ከበሽታው ያነሱ፣ ላይ ላይ ያሉ ናቸው፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋሉ። ትልልቅ፣ ጥልቅ፣ የሚቆስል እባጭ ከወጣ ግን «የክትባቱ ነው» ብሎ መተው አይገባም። ቅርፊቱ ተወስዶ፣ የብልቃጡ ባች ቁጥር ተጽፎበት፣ ባዶው ብልቃጥም ካለ አብሮ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።